መሬት ሳይተነፍስ የተነሳ ፎቶ

ሙሀባ አብዱልሃዲ ሸዋ ሮቢት የገባችው በ2013 ዓ.ም. አጣዬ በተቃጠለች ሰሞን ነው። አጣዬ ላይ ዘጠኝ ዓመት የሠራችበት ፎቶ ቤት ነበራት። እሳቱ ሲነሳ ከጀውሃ ወጣ ብሎ ያሉትን ወላጆቿን ልትጠይቅ ሄዳ ስለነበር፣ ነፍሷና በትከሻዋ ያንጠለጠለችው ካሜራ ተረፉ። ኮምፒውተሩ፣ ማተሚያው፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያነሳችው የሰው መልክ የተከማቸባቸው ሃርድ ዲስኮች ከቤቱ ጋር አመድ ሆኑ።

እኔ አንዋር እባላለሁ። ሸዋ ሮቢት አስፋልቱ ዳር ፎቶ ኮፒ የማነሳበትና የጽሕፈት መሣሪያ የምሸጥበት ሱቅ አለኝ። ከሱቄ ጋር ግድግዳ የሚጋራው ክፍል ባዶ ነበርና እሷ ተከራየችው። የተዋወቅነው እንዲህ ነው። ያኔ ሠላሳ ዓመቷ ነበር፤ ቀጠን ያለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማትናገር። መጀመሪያ ያየኋት ቀን ግድግዳውን ራሷ ኖራ እየቀባች ነበር። «ሰው ልጥራልሽ?» ብላት «ይህቺን ብቻ ልጨርስ ጋሼ» አለችኝ። ማምሻውን ሳይ አራቱም ግድግዳ አልቋል።

በጥቂት ወር ውስጥ ሥራው ሰመረላት። ጉርድ ፎቶ፣ ሠርግ፣ ምርቃት። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ እኛም ጋ ደርሶ ሁላችንም ሱቃችንን ጥለን ወጣን፤ ስንመለስ ከተሰበረው በርና ከተበተነው ዕቃ እንደገና ጀመርን። ለእሷ ለሁለተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። አንድም ቀን ስታማርር አልሰማኋትም።

ነገሩን ሁሉ የጀመሩት እትዬ ዙልፋ የሚባሉ የአጣዬ ሴት ናቸው። አንድ ቀን ሮቢት ለገበያ መጥተው ሙሀባን አፈላልገው አገኟት። እኔም እዚያው ተቀምጬ ነበር።

«የልጄ የሠርግ ፎቶ አንቺ ዘንድ አይጠፋም ብዬ ነው የመጣሁት» አሏት።

«ወላሂ እትዬ፣ አንድም አልቀረልኝም።»

ሴትየዋ የያዙትን ዘንቢል መሬት አስቀመጡና፣ «እሺ የሠርጉ ይቅር። የሠፈራችን የለም? ከሰው ጀርባ እንኳ የታየ? ያ ከደጃችን የሚታየው ተራራ፣ ያ ዋርካ…»

የለም አለቻቸው። እትዬ ዙልፋ መርቀዋት ሄዱ። ሙሀባ ግን እሳቸው ከሄዱ በኋላ የራሷን ፎቶ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳየችው ሁሉ ዞር ዞር ብላ ተመለከተች። ግድግዳው ላይ ደንበኛ ከፊቱ ቆሞ የሚነሳበት ትልቅ ጨርቅ ተንጠልጥሏል፤ ጨርቁ ላይ በረዶ የለበሰ ተራራና ከተራራው የሚወርድ ፏፏቴ ታትሟል። የማን አገር እንደሆነ ማንም አያውቅም።

«ዘጠኝ ዓመት ጋሼ» አለችኝ። «ዘጠኝ ዓመት የአጣዬን ሰው ሳነሳ ከጀርባው የሰው አገር ነበር። ዲስኩ ባይቃጠል እንኳ ለእትዬ ዙልፋ የምሰጣቸው አልነበረኝም።»

ከዚያ ቀን በኋላ ጁምዓ ከሰዓትና ሥራ በማይበዛበት ቀን ካሜራዋን ይዛ ወደ ሜዳ መውጣት ጀመረች። የሽንኩርቱን ማሳ፣ የማሾውን አዝመራ፣ የሮቢን ወንዝ፣ በስተምዕራብ እንደ ግድግዳ የቆመውን የይፋትን ተራራ ታነሳለች። ያነሳችውን የምታስቀምጥበት ቦታ ግን አሳሰባት። ዲስክ ይቃጠላል፤ ይሰረቃል። ሁለቱንም አይታዋለች። በዚህ መሀል ነው ውጭ አገር ያለ አንድ የፎቶ ድርጅት ያገኘችው። ድርጅቱ ከየአገሩ ፎቶ ይቀበላል፣ ያከማቻል፣ ለመጽሐፍም ለማስታወቂያም ለፈለገ ሰው ይሸጣል፤ ለአንሺውም ድርሻውን ይሰጣል። እኛ በመካከላችን «መጋዘኑ» ነበር የምንለው።

«ቢሸጥልኝ ጥሩ ነው» አለችኝ። «ዋናው ግን አንዴ ከገባ እዚህ ምንም ቢሆን እዚያ አለ።»

መጋዘኑ ግን ዝም ብሎ አያስገባም። እያንዳንዱን ፎቶ የሚመረምር ሰው አለ፤ ጥራቱ ካልደረሰ ይመልሳል። ሙሀባ ይህን ስታነብ አልደነገጠችም። ከአጣዬ እስከ ሮቢት በሠርግ ፎቶ ስሟ የታወቀ ሴት ናት። አሥር ፎቶ መርጣ፣ የኬብል ኢንተርኔት ያለው እኔ ዘንድ ስለነበር ከእኔ ኮምፒውተር ላከች።

በአራተኛው ቀን መልሱ መጣ። አሥሩም ተመልሰዋል።

እንግሊዝኛው ለሁለታችንም አስቸጋሪ ነበር፤ ቃል በቃል በስልክ እየተረጎምን አነበብነው። አንዱ «አልጠራም» ይላል፤ ሌላው «ሰማዩ ላይ ነጠብጣብ አለው»፤ ሌላው «ቀለሙ ከልክ በላይ ተሠርቷል»። እኔ ተናድጄ «እኛን ስለናቁን ነው» አልኩ። እሷ ግን ፊቷን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰች። አንዱን ፎቶ ከፈተችና ምስሉን ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ እያደረገች ኮምፒውተሩ እስከሚችለው ድረስ አጎላችው። ከዚያ የሰማዩን ክፍል ጥግ ከጥግ ማየት ጀመረች። ለካስ ሰማዩ ላይ ፈዘዝ ያሉ ግራጫ ክቦች አሉ።

«ዝንብ ነው?» አልኳት።

ሁለተኛውን ከፈተች። ሦስተኛውን ከፈተች። ክቦቹ ሁሉም ላይ አሉ፤ ያውም በዚያው ቦታ።

«ዝንብ ቢሆን ቦታ ይቀይር ነበር» አለች። «ይህ ካሜራው ውስጥ ያለ አቧራ ነው። ጀውሃ መንገድ ዳር፣ የጭነት መኪና እያለፈ ሌንስ ቀይሬያለሁ። ልክ ናቸው ጋሼ። ትልቅ ሆኖ ቢታተም ይህ ሁሉ ይታያል።»

ስለ ሙሀባ ከሁሉ አስቀድሜ ልነግራችሁ የምፈልገው ይህንን ነው። ሰው ስህተቱን ሲነግሩት መጀመሪያ የሚያየው የተናጋሪውን ፊት ነው። እሷ የምታየው የተባለውን ነገር ነው። ያን ቀን እኔ ለእሷ ተናድጄ አመሸሁ፤ እሷ ግን በማግስቱ ፋርማሲ ሄዳ የሕፃን አፍንጫ የሚጠረግበትን ጎማ ገዛች። ማንም ያልተጠቀመበት፣ አዲስ። በሱ አየር እየነፋች የካሜራውን ሆድ አቧራ አራገፈች። ከዚያ ወዲህ ሜዳ ላይ ሌንስ ስትቀይር አይቼ አላውቅም፤ ከቤት ስትወጣ የምትፈልገውን ገጥማ ትወጣለች።

ቀለሙን በተመለከተ ጥፋቱ የሠርግ ነው ብላ ሳቀች። የሠርግ ደንበኛ ሰማዩ ሰማያዊ ካልሆነ፣ ሣሩ ካላበራ ገንዘቤን መልሺ ይላል። እጇ ለምዶ የሮቢትን ሜዳም እንደ ሙሽራ ኩላው ነበር። ይህን ልማድ ለመተው ዘዴ አበጀች። ፎቶውን ካስተካከለች በኋላ ታሳድረዋለች፤ በማግስቱ ኮምፒውተሩን ከመክፈቷ በፊት ወደ ደጅ ወጥታ ተራራውን አይታ ትመለሳለች። ፎቶው ካየችው ከበለጠ ትቀንሳለች።

ሌላ ሃያ ላከች። ሁለት ገቡ፣ አሥራ ስምንት ተመለሱ። ሁለቱ የገቡ ዕለት ለአካባቢው ሰው ሁሉ ከረሜላ ያደልኩት እኔ ነኝ፤ እሷ ስለ አሥራ ስምንቱ ታስብ ነበር። አድማሱ ዘንበል ያለበት ነበር፤ የግንበኛ ውሃ ልክ አስቆርጣ ካሜራውን በምታቆምበት ስታንድ ላይ በማጣበቂያ አሰረችው። ከሰዓት በኋላ በሚነሳው ነፋስ የተንቀጠቀጠ ነበር፤ ከስታንዱ ሥር ድንጋይ የሞላበት ከረጢት ማንጠልጠል ጀመረች፤ ጣቷም እንዳያነቃንቀው ካሜራውን ቆጥሮ በራሱ እንዲያነሳ አደረገችው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ተነስተው ጥላው ውስጥ እንደ አሸዋ የተበተነ ነገር የሚታይባቸው ነበሩ፤ በጨለማ ካሜራውን ማስጨነቅ ተወች።

አንድ ነገር ብቻ አልፈታ አላት። ሩቁን በምታቀርብበት ረጅም ሌንስ ያነሳችው ሁሉ «አልጠራም» እየተባለ ይመለሳል። ተራራው ይታያል፤ ሲጎላ ግን ጠርዙ የቀለጠ ቅቤ ይመስላል። ስታንዱ አይነቃነቅም፣ ነፋስ የለም፣ አቧራ የለም። ሌንሱ ተበላሽቷል ብላ ደመደመችና አዲስ አበባ ወስዳ ለካሜራ ጠጋኝ ሰጠችው። ሰውየው ግድግዳ ላይ ጋዜጣ ለጥፎ አነሳበትና አሳያት። እያንዳንዱ ፊደል ቁልጭ ብሏል።

«ሌንስሽ ጤነኛ ነው» አላት። «ችግሩ ሌላ ነው። ምን እንደሆነ ግን አላውቅልሽም።»

ችግሩን የፈቱት አባቷ ናቸው። አቶ አብዱልሃዲ ከጀውሃ ወጣ ብሎ ሽንኩርትና ማሽላ የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው። ካሜራ በእጃቸው ይዘው አያውቁም። አንድ ቀን እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ልጃቸው ማሳቸው ጫፍ ላይ ስታንዷን አቁማ ሲያዩ አካፋቸውን ተደግፈው ቆሙ። ይህን በኋላ እሷም ነገረችኝ፣ እሳቸውም ደግመው ነገሩኝ።

«ምን ልታነሺ ነው?»

«ያንን ተራራ አባዬ።»

«አሁን? አሁን እኮ መሬቱ እየተነፈሰ ነው።»

«መሬቱ ይተነፍሳል?»

«ነይ እስቲ፣ ዝቅ በይ።» ቁጢጥ ብለው ተቀመጡና እሷንም አስቀመጧት። ከማሳው ማዶ ወዳለው የአጥር እንጨት አመለከቷት። እንጨቶቹ ወንዝ ውስጥ እንዳለ ሣር ይወዛወዛሉ። «አየሽው? ይህ የመሬቱ ትንፋሽ ነው። ሙቀቱ ሲወጣ እንዲህ ያደርጋል። እኔ ከሦስት ሰዓት በኋላ ማዶ ያለ ከብት የማን እንደሆነ አልለይም። ጧት ግን እዚያ ያለች ላም ቀንዷን እቆጥርልሻለሁ።»

ሙሀባ ዕድሜዋን ሙሉ በዚህ ቆላ ኖራ ያንን ውዝዋዜ ሺህ ጊዜ አይታዋለች። ፎቶዋ ውስጥ እንዳለ ግን አስባ አታውቅም። ሰው በካሜራው ላይ ይፈርዳል እንጂ በአየሩ ላይ ማን ይፈርዳል? ሌላ ሰው ቢሆን አባቱን አመስግኖ ጧት ጧት ማንሳት ይጀምር ነበር። እሷ ግን በማግስቱ ከሱብሒ ሰላት በኋላ ወጥታ፣ ስታንዷን ካንድ ቦታ ሳታነቃንቅ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስከ ስድስት ሰዓት ያንኑ ተራራ በየግማሽ ሰዓቱ አነሳችው። አሥራ ሁለት ፎቶ። እኔ ዘንድ አምጥታ ጎን ለጎን ደረደረቻቸው። በመጀመሪያዎቹ ላይ ተራራው ጫፍ ያለው ግራር ቅርንጫፉ ይቆጠራል። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቅርንጫፉ ተያያዘ። አራት ሰዓት ላይ ግራሩ ጉብታ ሆነ። ስድስት ሰዓት ላይ ግራር መኖሩም አይታወቅም።

«አልሐምዱሊላህ» አለችና ወንበሩ ላይ ተደግፋ ሳቀች። «አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ያጣሁት አባቴ ማሳ ላይ ነበር።»

ከዚያ በኋላ የሚመለሱባት ፎቶዎች እየቀነሱ ሄዱ። ከአሥር አራት፣ ከአሥር ስድስት እየገባላት መጣ። ፎቶዎቿም አልፎ አልፎ ይሸጡ ጀመር፤ ማን እንደገዛው አይነገራትም፣ አገሩ ብቻ ይጻፍላታል። አንድ ቀን የሮቢ ወንዝ ድንጋዮች ስሙን ሰምተን የማናውቀው አገር ሄደው ተገኙ። ካርታ ላይ ፈልገን አገኘነው።

አሁን ወደ ዋናው ፎቶ ልምጣ። በ2016 መስከረም መጀመሪያ፣ ሦስት ቀን ሙሉ የዘነበው ዝናብ ባቆመ በማግስቱ፣ ከአባቷ ማሳ በስተምሥራቅ ካለው ጉብታ ላይ ወጣች። ወደ ምዕራብ ስታይ ያየችውን በኋላ በቃል ነገረችኝ። ወንዙ ሞልቶ ወደ ማሳዎቹ ገብቶ ሲመለስ፣ በማሽላው መካከል እዚህም እዚያም ውሃ ጥሎ ሄዷል። ፀሐይዋ ከጀርባዋ ወጥታ ተራራውን ከእግር እስከ ራሱ አበራችው። በተራራው ወገብ ላይ ቀጭን ጉም እንደ መቀነት ታስሯል። በማሽላው መካከል ያለው ውሃ ሁሉ ያንን ተራራ እንደ መስታወት ደግሞ ይዞታል። አነሳችው። ፎቶውን ሳየው እኔ ራሴ ከተወለድኩ ጀምሮ የማውቀውን አገር አላወቅሁትም ነበር።

መጋዘኑ መለሰው። «መጠኑ ያንሳል» የሚል አንድ መስመር ብቻ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ሠርግ አንስታ ነበር። የካሜራው ቺፕ ሊሞላ ሲል ብዙ ፎቶ እንዲይዝላት የምስሉን መጠን ወደ ትንሹ ዝቅ አድርጋዋለች። በማግስቱ ጧት መልሳ ከፍ ማድረጉን ረሳች። ፎቶው በስልክ ላይ ያምራል፤ ትልቅ ሆኖ ቢታተም ግን ይበታተናል። በሕይወቷ ያየችውን ትልቁን ማለዳ በትንሹ መጠን አነሳችው።

ያን ዕለት ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። በማግስቱ፣ በማግስቱም ጉብታው ላይ ወጣች፤ ጉሙ የለም፣ ውሃውም ወደ መሬት ገብቷል። በዚያን ጊዜ በአካባቢው ግጭት ስለነበር መንገዱ ራሱ ዛሬ ይከፈታል ነገ ይዘጋል፤ የስልክ ዳታ ተቋርጧል፤ ካሜራ የያዘ ሰው ሁሉ ይጠየቃል። እሷ ከቀበሌ ደብዳቤ አጽፋ፣ የአካባቢው ሽማግሌዎች ጉብታው ላይ የምትሠራውን እንዲያውቁ አድርጋ ነበር የምትወጣው።

ፈይሰል የሚባል ኮምፒውተር የሚጠግን ወዳጃችን አዘነላትና፣ «እኔ አሳድግልሻለሁ» አላት። ትንሹን ፎቶ የሚያሳድግ ፕሮግራም ነበረው። ሰጠችው፤ አሳድጎ አመጣላት። መጠኑ አሁን ከሚፈለገውም በላይ ነው። እኔና ፈይሰል አጨበጨብን። ሙሀባ እንደ ልማዷ አጎላችውና ማሽላው ላይ ቆመች። ፕሮግራሙ የጎደለውን ከራሱ ፈጥሮ ሞልቶታል፤ ቅጠሎቹ የሚያብለጨልጭ ሰም ተቀብተው የደረቁ ይመስላሉ።

«አልልከውም» አለች።

«ማን ያውቅብሻል?» አልኳት።

«መርማሪው ያውቅ ይሆናል፤ ላያውቅም ይችላል። እኔ ግን አውቃለሁ ጋሼ። ያንን ቅጠል በዓይኔ አይቼዋለሁ። ይህን አይመስልም።»

ፈይሰል ትንሽ ቅር አለው። «ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ከርሞ መስከረም ይመጣል፣ ኢንሻአላህ።»

ዓመት ሙሉ ጠበቀች። ይህን ስል እጇን አጣጥፋ ማለቴ አይደለም። ጉብታው ላይ ስታንዷ የቆመበትን ቦታ በሦስት ድንጋይ ምልክት አደረገችበት። መንገድ ሰላም በሆነ ቁጥር በወር አንዴ ትወጣና ብርሃኑ ተራራውን በስንት ሰዓት እንደሚነካ ደብተር ላይ ትጽፋለች። እኔ ዘንድ መጥታ ደግሞ አንዲት ትንሽ ወረቀት አስጻፈችኝና በላስቲክ አስለበጠቻት። «ቺፑ ባዶ ነው? መጠኑ ትልቁ ላይ ነው? ሌንሱ ተወልውሏል?» የሚሉ ጥያቄዎች ናቸው። ወረቀቷን ከካሜራው ማንገቻ ጋር በክር አሰረቻት። አሥራ ሁለት ዓመት የሠራች ባለሙያ እንደ ጀማሪ ወረቀት ስታስር አይቶ የሳቀባት አለ። «የረሳሁት እኔ ነኝ፤ ወረቀቷ ግን አትረሳም» አለችው።

የ2017 መስከረም ገባ። የመጀመሪያው ቀን ደመና ሸፈነው። ሁለተኛው ዘነበ። ሦስተኛውና አራተኛው ጠራ፤ ነገር ግን ጉም አልነበረም። በአምስተኛው ጉሙ ወርዶ ተራራውን ጨርሶ ዋጠው። በስድስተኛው በባጃጅ እስከ ጀውሃ ሄዳ በእግሯ ስትወጣ ፀሐይ ቀደመቻት። በሰባተኛው ወንዙ በሌሊት ሞልቶ አላሻግር አላት። በስምንተኛው ቀን እኔም አብሬያት ሄድኩ፤ ሴትየዋ የምታየውን ነገር ለማየት ጓጉቼ።

ደረስን። ሦስቱን ድንጋዮች አገኘች። ስታንዷን ተከለች፣ የድንጋይ ከረጢቱን አንጠለጠለች፣ ውሃ ልኩን አየች፣ ወረቀቷን ከላይ እስከ ታች እያነበበች አንድ በአንድ ነካካች። «ቢስሚላህ» አለች። ፀሐይዋ ወጣች። ጉሙ ተራራው ወገብ ላይ ነው። ውሃው ማሽላው መካከል ተኝቷል። እኔ መታገስ አቃተኝ፤ «አንሺ! አንሺ እንጂ!» እላለሁ።

«ይረጋ» አለችኝ።

ማሽላው በቀላል ነፋስ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። አስፋልቱ ላይ አንድ የጭነት መኪና አለፈና ጭስና አቧራ አስነሳ። ጠበቀች። ሻርፗን ዘርግታ ሌንሱን ከጎን ብርሃን ከለለች። አቧራው ተኛ። ነፋሱ እፎይ አለ፤ ማሽላው ቀጥ ብሎ ቆመ። ያኔ ተጫነችውና እጇን አነሳች። ካሜራው ቆጥሮ አነሳ። ሁሉም ተደምሮ አሥራ አንድ ፎቶ ብቻ ነው ያነሳችው፤ አንዱን ለብርሃኑ፣ አንዱን ለጥላው እንዲመች እያስተካከለች። ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ዕቃዋን መሰብሰብ ጀመረች።

«ገና እኮ ያምራል!» አልኳት።

«ያምራል ጋሼ። መሬቱ ግን ሊጀምር ነው።»

ሱቅ ስንመለስ ከአሥራ አንዱ የመረጠችውን ፎቶ ከፍታ ጥግ ከጥግ፣ ክፍል በክፍል፣ ምስር እንደምትለቅም ሴት አየችው። ከአንድ ሰዓት በላይ ወሰደባት። በመጨረሻ ከጉሙ በላይ ባለው ሰማይ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ አገኘች።

«አቧራ!» አልኩ።

አጎላችው። ነጥቧ ሁለት ክንፍ አላት።

«ወፍ ናት» አለች ፈገግ ብላ። ልታጠፋት ትችል ነበር፤ አላጠፋቻትም። «እዚያ ነበረች እኮ፤ ትቆይ።»

ላከችው። በአምስተኛው ቀን መልሱ መጣ። እኔ ነበርኩ መጀመሪያ ያየሁት፤ ግድግዳውን መትቼ ጠራኋት። ደንበኛ ትታ መጣች። አነበበች፤ ደግማ አነበበች፤ «ጋሼ፣ አንቱም ያንብቡት» አለችኝ። አነበብኩት። ተቀብለናል ይላል። «አልሐምዱሊላህ» ብላ ወደ ደንበኛዋ ተመለሰች፤ አንድ አዛውንት ለመታወቂያ ጉርድ ሊነሱ ተቀምጠው ነበርና። አነሳቻቸው፣ አትማ ሰጠቻቸው፣ ሸኘቻቸው፣ በሯን ዘጋች። ከዚያ በግድግዳው በኩል ስታለቅስ ሰማኋት። ኮፒ ልታስነሳ የመጣች ተማሪ «ማን ነው?» ብትለኝ፣ «ደስታ ነው» አልኳት።

በዚያው ዓመት አጣዬ ሄዳ ስምንት ቀን ቆየች። አዲስ የተሠሩትን ቆርቆሮ ቤቶች፣ ከየደጁ የሚታየውን ተራራ፣ ሁሉንም በጧት ብርሃን አነሳችው። አብዛኛው መጋዘኑ ገብቷል። ለእትዬ ዙልፋም የደጃቸውን ተራራ በትልቁ አትማ ሰጠቻቸው። ዋርካው አልነበረም፤ ተራራው ግን አለ።

አሁን በ2018 ሌላ ሥራም አላት። አዲስ አበባ ያሉ ሰዎች የአገራችንን ፎቶዎች የሚያከማች ድርጅት ከፈቱና በየክፍለ ሀገሩ ያላችሁ ፎቶ አንሺዎች ፎቶ ላኩልን አሉ። ሙሀባ አሥራ ሁለት ላከች፤ አሥራ ሁለቱም ገቡ። የድርጅቱ ሰዎች ደውለው፣ ከሌሎች የሚመጣውን ፎቶ እንድትመረምርላቸው ለመኗት። ጉርድ ፎቶውንና ሠርጉን ሳትተው፣ ማለዳ ማለዳ የምርመራ ሥራዋን ትሠራለች። የምትመልሰውን ግን በአንድ መስመር አትመልስም። ከጋምቤላም ከመቀሌም ለሚልክላት ለማታውቀው ሰው፣ ምኑ ላይ ምን እንደታየ፣ ለምን እንደሆነ፣ በሚቀጥለው ምን ቢያደርግ እንደሚሻል በአማርኛ ዘርዝራ ትጽፋለች። አንድ ፎቶ አንሺ አመስግኖ ሲጽፍላት፣ «ሦስት ዓመት ያንከራተተኝን ነገር በአንድ ገጽ ነገርሽኝ» አላት።

እኔም እነዚህን ዓመታት ከአጠገቧ ስቀመጥ ዝም ብዬ አልነበረም ብዬ ራሴን አሞኘሁና፣ አንድ ቀን ስልኬን ትቼ ካሜራ ተውሼ፣ የሮቢን ወንዝ ድልድዩ ላይ ሆኜ አነሳሁ። ማለዳ ነበር፣ አቧራ አልነበረም። ሳልነግራት ለአዲስ አበባው ድርጅት ላክሁ።

በሦስተኛው ቀን መልስ መጣልኝ። «የተከበሩ አቶ አንዋር፣ ስለ ላኩልን ፎቶ እናመሰግናለን። ብርሃኑ ጥሩ ነው፤ ሰዓቱም በደንብ ተመርጧል። አድማሱ ግን ወደ ግራ ስላዘነበለ ወንዙ ሽቅብ የሚፈስ አስመስሎታል። በቀኝ በኩል የድልድዩ ብረት ገብቷል። እባክዎ ደግመው ያንሱት።» ከታች ስሟ አለ።

ወዲያው ወደ ቀጣዩ በር ሄድኩ። «ጎረቤትሽ አይደለሁም እንዴ?» አልኳት።

«ነዎት እንጂ ጋሼ» አለችኝ፣ የምታትመውን ጉርድ ፎቶ በመቀስ እየቆረጠች። «ወንዙ ግን ሽቅብ ይፈሳል።»

በማግስቱ ድልድዩ ላይ ተመለስኩ። ሁለተኛውንም መለሰችብኝ። ሦስተኛው ገባ።